የእትዬ ራድካን አማርኛ ሳርም

ድንጋጤ ቀልብ ይገፍፋል ይባላል። በደርግ ዘመን የኔ ቀልብ ስንት ጊዜ እንደተገፈፈ ብነግራችሁ «አንተ የያዝከው ቀልብ ሳይሆን ሽንኩርት ነው» ትሉኛላችሁ። ለነገሩ ያኔ የማይደነግጥ ሰው ወይ አልሰማም፣ ወይ አስደንጋጩ ራሱ ነው። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። ንፋስ ስልክ በኩል ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አስተዳደር ክፍል ተቀምጬ የዓመት ፈቃድ ወረቀት የማዘጋጅ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አማርኛ አስተማሪ የነበርኩ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ ጥግ ጥጉን የምሄድ ሰው ነበርኩ።

አንድ ጧት ታዲያ የበር ጥበቃው አስር አለቃ ደበበ አንገታቸውን በበሩ አስገብተው «ጓድ ታፈሰ ይፈልጉሃል» ብለውኝ ሄዱ። ጓድ ታፈሰ የፋብሪካው ካድሬ ናቸው። ክው አልኩ። ከኔ ወንበር እስከ እሳቸው ቢሮ ያለችው ኮሪደር አጭር ናት፤ እኔ ግን በዚያች ኮሪደር ላይ የሕይወት ታሪኬን በሙሉ ከለስኩ። ባለፈው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ «ይሄ ስኳር አሸዋ አሸዋ አይልም?» ማለቴ ትዝ አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ፈገግ ማለታቸውም ትዝ አለኝ። አሁን ሳስበው ያ ፈገግታ ደስ አይልም።

«ግባ ጓድ፣ ተቀመጥ።»

መቀመጤን እንጃ፤ ወንበሩ ነው መሰለኝ ወደኔ የመጣው።

«አማርኛ አስተማሪ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ... ግን ትቻለሁ» አልኩ፣ ሲጋራ ይመስል።

ጉዳዩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከቡልጋሪያ የመጣች የጨርቅ ቆረጣ ባለሙያ አለች፤ ራድካ ትባላለች። አዲሱ የስፌት አዳራሽ ሲመረቅ ከበላይ ትልቅ ሰው ይመጣል። በዚያ ቀን ራድካ በአማርኛ ንግግር ታደርጋለች፤ እስከዚያ አማርኛ የማስተምራት እኔ ነኝ።

«አንድ ነገር ልብ በል» አሉኝ ጓድ ታፈሰ። «'እርስዎ' እያልክ እንዳታለማምዳት። እርስዎ የፊውዳል ቋንቋ ነው። በጓዶች መካከል አንተ እና አንቺ ብቻ ነው ያለው።»

«እርስዎ እንዳሉ ጓድ» አልኩ። እኔን አላረሙኝም።

ራድካን የስፌቱ ሴቶች በሙሉ እትዬ ራድካ ይሏታል። ስድሳውን ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስትስቅ አየኋት የሚል ሰው ያልተገኘባት ሴት ናት። እናቴን የምታህል ሴትዮ «አንቺ» ማለት ምላሴን ቢያቃጥለኝም ትእዛዝ ነውና «እንደምን ዋልሽ ጓድ ራድካ» ብዬ ጀመርኩ። እሷም በምታውቃት የእንግሊዝኛ ፍርፋሪ «ወሬ አልፈልግም፤ እኔ እየጻፍኩ ነው የምማረው፤ በየቀኑ እጽፋለሁ፣ አንተ ታርማለህ» አለችኝ። ፊደሉን ከመምጣቷ በፊት ነው የለቀመችው። ተስማማን።

በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣችልኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሥራ አስኪያጁ ዛሬ መታኝ። በጣም ደስ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ይመታኛል።»

ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ሥራ አስኪያጃችን ዝንብ እንኳ እሽ የማይሉ ሰው ናቸው። ፊቷን አየሁት፤ ያበጠ ነገር የለም።

«ጓድ ራድካ፣ መታሽ?»

«አዎ! መታኝ። ሻይ ተታን።»

«ተታን» ስትል ነፍሴ ተመለሰች። ለካ ጠ አፏ ላይ የለችም! መጣ ማለቷ ነው። ወረቀቱን አገላብጬ ሳየው ጠ ብቻ ሳይሆን ቀም ጨም የሉም። ቀሚስ «ከሚስ» ሆኗል፣ ጨርቅ «ቸርክ» ሆኗል። እንዲህ ዓይነት አደገኛ አማርኛ ከኔ እጅ ይወጣል? ቀይ እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። አንዲት ነጥብ አላሳለፍኩም። አክብቤ፣ ሰርዤ፣ ከላይ ጽፌ፣ ከጎን ማብራሪያ ጨምሬ ስመልስላት ወረቀቱ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን መስሏል። ራድካ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ቀዩ አልጠፋም።

በማግስቱ ምን ጻፈች? «ይህ በር ነው። በሩ ትልቅ ነው።» በሳልስቱ «ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ ትንሽ ነው።» ከዚያ ጠረጴዛ፤ ከዚያ ደግሞ በር። ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈታ። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። ስህተት እንዴት እንደሚነቀል ለዓለም ያሳየሁ መሰለኝ። ለጓድ ታፈሰ ሄጄ «ስህተቷ ጠፍቷል» አልኩ። እሳቸውም በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ «በቋንቋ ግንባር ስህተት ተደምስሷል» ብለው አስጨበጨቡ። ሰው ካስጨበጨበ በኋላ ማጣራቱ አይቀርምና ትምህርት ላይ ሳለን ድንገት ገቡብን።

«ጓድ ራድካ፣ ስለ ፋብሪካችን ሠራተኞች ምን ትያለሽ?»

ራድካ አሰበች። እኔን አየችኝ። የደረት ኪሴን፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አየችው። ከዚያ በእርግጠኝነት «ይህ ወንበር ነው» አለች።

ጓድ ታፈሰ ወንበሩን አዩት። እኔም አየሁት። በእውነትም ወንበር ነው።

ወደ በሩ ጎትተው አወጡኝና «አንተ ሰውዬ፣ ስህተቱን ነው ያጠፋኸው ወይስ ሴትዮዋን?» አሉኝ።

መካኒሳ ቤቴ እንደገባሁ ለባለቤቴ ለበላይነሽ ነገርኳት። በላይነሽ ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝና ዞር እንኳን ሳትል «ወፌ ቆመች የሚባልለት ሕፃን በወደቀ ቁጥር ብትኮረኩመው መሄድ ይማራል እንዴ? ቁጭ ማለት ነው የሚማረው» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። ግን እኔ የሆነ ነገር ሲገባኝ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ። መኮርኮሙን ትቼ መጠቆም ይበቃል አልኩ። ትክክሉን አልጽፍላትም፤ ከስህተቱ ሥር መስመር ብቻ አሰምራለሁ፤ መድኃኒቱን ራሷ ትፈልግ።

«ትናንት ከሚስ ሰፋሁ» ብላ ጻፈች። ከሚስ ከሚለው ሥር አሰመርኩ። እጄን ትንሽ አዳልጦት መስመሩ ወደ «ሰፋሁ» ተሻገረ እንጂ ሌላ ጥፋት አልሠራሁም። በማግስቱ ሲመጣ በሽተኛዋ ከሚስ እንዳለች ናት፤ ጤነኛው ተቀይሯል፦ «ትናንት ከሚስ ሰፋኝ»። እንደገና አሰመርኩ። ያን ሁሉ ጠ በቀይ ስላጎረስኳት አሁን ጠ በማይገባበትም መክተት ጀምራለችና «ትናንት ከሚስ ጠፋኝ» ሆኖ መጣ። በሦስተኛው አሰመርኩ። ከሚሷን ገላገለቻትና «ትናንት ጠፋሁ» ብላ ጻፈች።

እግዚኦ! በዚያ ዘመን ጠፋ የተባለ ሰው የት ነው የሚፈለገው? መጀመሪያ ወዳጅ ዘመዱ ቤት! የውጭ ባለሙያ በእጇ «ትናንት ጠፋሁ» ብላ የጻፈችውን፣ ከሥሩ እኔ ያሰመርኩበትን ወረቀት ይዤ ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ ከተደረደሩት ሰዎች ጋር ስተያይ ሁሉም ያነበቡት መሰለኝ። ከታክሲው ወርጄ ቀዳደድኩት። ሲቀደድ ይባስ «ጠፋሁ» የምትለዋ ቁራጭ ብቻዋን ተለይታ እጄ ላይ ቀረች። ጎረስኳት። ወረቀት እንደምታስቡት አይደለም፤ ጨው ይጎድለዋል እንጂ ይዋጣል።

በሳምንቱ ራድካ አለቀሰች። ከምሳ ስመለስ ራድካ በቆረጣው ጠረጴዛ ጥግ አንገቷን ደፍታ፣ ያሰመርኩበትን ወረቀት ፊቷ ዘርግታ፣ እንባዋ መነጽሯ ሥር ይወርዳል። ያቺ ብረት የምታህል ሴት! ደንግጬ በመጣሁበት ተመለስኩ። የሰው አገር ሰው፣ ያውም ባልቴት፣ በጠ እና በቀ አስለቀስኳት! እጄ ይቆረጥ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ይምጣ ምን፣ ከወረቀቷ ግርጌ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «በጣም ጥሩ»።

ሴትዮዋ ከፈተችው! አንድ ገጽ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ስለ ሟች ባሏ፣ ስለ ኮክ ዛፏ፣ ስለ ንፋስ ስልክ ጭቃ፣ ስለ ስፌት ክፍሉ ሴቶች ጻፈች። መጀመሪያ አካባቢ አነብ ነበር፤ ሲበዛ ግን ግርጌው ጋ ሄጄ «በጣም ጥሩ» ብዬ መፈረም ብቻ ሆነ። አፏም ተፈታ። በግቢው ያገኘችውን ሁሉ ታናግራለች። ችግሩ እኔ እሷን «አንቺ» ስል እንጂ ሌላውን ሰው ስጠራ አልሰማችኝም። ስለዚህ በሷ አማርኛ የአዳም ልጅ በሙሉ ሴት ሆነ።

አስር አለቃ ደበበ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ስማ፣ እኔ ኮርያ የዘመትኩ ሰው ነኝ። ይሄ የምታየው ሪዝ ነው።» ሪዛቸውን ይዘው አሳዩኝ። «ያቺ ሴትዮህ በየጧቱ 'ደህና አደርሽ ደበበ፣ ኮንጆ ነሽ' ትለኛለች። ለምን አታርማትም?»

«እርስዎስ ለምን አላረሟትም?»

ትከሻቸው ወረደ። «እንዴት ብዬ! ደስ ብሏት እኮ ነው የምትለኝ። ፊቷ ሲበራ አይቼ... እኔም 'ደህና ነኝ' እላታለሁ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁላችንም በየዋህነት ገደል ጫፍ አደረስናት።

ለምርቃቱ የሚሆነውን ንግግር ጓድ ታፈሰ ራሳቸው ጻፉት። ፀረ እንዲህ፣ ፀረ እንዲያ የሚል፣ አንዱ ቃል ሳያልቅ ትንፋሽ የሚያልቅበት ንግግር ነው። ራድካ ሞከረችው፤ ፀ ላይ ምላሷ ታጠፈ። «ይሄ የኔ አይደለም» አለችኝና በማግስቱ የራሷን ጽፋ ሰጠችኝ። የዚያን ቀን ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰው ወደ ኅብረት ሱቅ ይሮጣል፤ እኔም ልሮጥ አንድ እግሬ በር ላይ ነው። ግርጌውን ገልጬ «በጣም ጥሩ» ብዬ ሮጥኩ። ስኳሩንም አላገኘሁትም።

የምርቃቱ ቀን ግቢው በባንዲራ አበደ። አዳራሹ ሥራ ከጀመረ ከርሟል፤ ምርቃቱ ነው እንግዳው እስኪመቻቸው የቆየው። ከበላይ የመጡት ጓድ ከፊት ተቀመጡ፤ ድፍን ያሉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው። ራድካ መድረክ ላይ ወጣች፤ የጓድ ታፈሰን ንግግር አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የራሷን አወጣች። ያን ሳላነብ «በጣም ጥሩ» ያልኩትን።

መነጽሯን አስተካክላ ወደ ትልቁ እንግዳ ዞረች። «የተከበርሽ ጓድ! እንኳን ደህና መታሽ!»

 ጓድ ታፈሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጠኝ ብፀልይም ወለሉ አዲስ ሲሚንቶ ነው።

ከዚያ እጇን ወደ ሴቶቹ ዘርግታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀ» የምትለዋን ፊደል አጥርታ ጠራቻት፤ ያውም አስር አለቃ ደበበ በር ላይ ቦርሳ ሲፈትሹ ጧት ማታ «ሰርቆ የሚወጣ አይጠፋም» እያሉ በሚያሰሟት ቃል።

«ውድ ሰርቆ አደሮች!»

መሳቅ እንኳን አልተቻለም። እንዲህ ባለ ቦታ የሳቀ ሰው ሳቁን የት እንደሚጨርስ አያውቅም። ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ቀረ። ራድካ ግን ጸጥታውን አድናቆት አድርጋ ወሰደችውና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አዳራሽ ትልቅ ነው። ማሽን አዲስ ነው። ሴቶች ያስላሉ።» ከፊት ተርታ ወደተቀመጠችው ወደ መስመር ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ አስካለ አመለከተች። «አስካለ ቷት ታስላለች። አስካለ ማታ ታስላለች። የቸርክ ብናኝ ደረቷ ገባ። መስኮት የለም። አንድ መስኮት የለም። ሰው ያለ መስኮት ልብስ አይሰፋም። አመሰግናለሁ።»

ወረደች። የሚያጨበጭብ ጠፋ። ትልቁ እንግዳ ወደ ጓድ ታፈሰ ዘንበል ብለው «ምንድን ነው ያለችው?» ሲሉ ሰማሁ። ጓድ ታፈሰ ብድግ ብለው «የቋንቋ ስህተት ነው ጓድ! መምህሯ እዚህ አለ፣ ያርመዋል!» አሉና ጣታቸውን ቀጥ አድርገው በኔ ላይ አነጣጠሩ።

እንዴት መድረክ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ባጠገባቸው ሳልፍ ክንዴን ጨብጠው በጆሮዬ «'ይሰፋሉ' ለማለት ነው በል! ያስላሉ ሳይሆን ይሰፋሉ!» አሉኝ።  ማይክራፎኑ ፊት ቆምኩ። ራድካ ከታች ሆና ከመነጽሯ በላይ ታየኛለች፤ እርማቷን የምትጠብቅ ተማሪ ሆና፣ አምና። ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ፊቷ ቀልቷል።

«ጓዶች» አልኩ፤ የወጣው ድምፅ የኔ አይደለም፣ የጫጩት ነው። «'መታሽ' ያለችው... እንኳን ደህና መጡ ለማለት ነው። 'ሰርቆ አደሮች' ያለችው ሠርቶ አደሮች ለማለት ነው። ያላረምኩት እኔ ነኝ።»

«'ያስላሉ' ያለችውስ?» አሉ እንግዳው።

«'ያስላሉ' ያለችው...»  ይሰፋሉ ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! ሦስት ፊደል መቀየር ነው፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። ያኔ ወይዘሮ አስካለ የያዘችው አመለጣትና ሳለች። ያቺ ሳል ከእግር ጥፍሯ የመጣች ነው የምትመስለው፤ ስትጀምር አላቆመችም።

«ጓድ፣» አልኩ ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ «ያስላሉ ያለችው ያስላሉ ለማለት ነው። እሱ ላይ ስህተት የለም።»

አንዷ ከኋላ ሳለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ይስል ጀመር። ግማሹ እውነተኛ ሳል ነበር፤ ግማሹ ከ«ሰርቆ አደር» ጀምሮ ታምቆ የቆየ ሳቅ ነው፤ በየትኛውም ማንም ሊከሰስ አይችልም።  የእንግዳው ዓይን ግድግዳውን ዞሮ፣ ዞሮ፣ ማረፊያ አጥቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ሁለታችንም ተጠራን። በላይነሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ ሁለት ሹራብ ደራርባ ነው የሸኘችኝ፤ አላለቀሰችም፣ ግን ኮቴን ሦስቴ አራገፈችልኝ። ከጓድ ታፈሰ ቢሮ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ራድካ ቀድማኝ ተቀምጣለች።

«ለምን ሁሉ ዝም አለች?» አለችኝ።

ከዚህ በላይ የሚደበቅ የለምና ነገርኳት። ሠርቶ ምን እንደሆነ፣ ሰርቆ ምን እንደሆነ። በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። በጣቶቿ መሃል «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ስላለቀስሽ ነዋ! ያን ቀን ያሰመርኩበትን ወረቀት ይዘሽ ስታለቅሺ አይቼ...»

እጇን አወረደች። ግራ ገባት። ቆይታ ትዝ አላት። «ያን ቀን እህቴ ሞተች። ቴሌግራም መታ። ወረቀትሽ አይደለም!»

በዚያ ሰሞን ከደነገጥኩት ሁሉ ይሄኛው ይብሳል። ሴትዮዋ እህቷ ሞታባት ስታለቅስ እኔ ለራሴ የማስተማሪያ ዘዴ መሠረትኩበት! ለቅሶ ሳልደርስ ይኸው ክረምት ሊገባ ነው። ብድግ ብዬ፣ አጎንብሼ፣ እንደ አገሬ ሰው «እግዜር ያጥናሽ እትዬ ራድካ፣ ነፍስ ይማር» አልኩ። በሩ ተከፈተ። እግዚአብሔርን በካድሬ ኮሪደር ላይ ስጠራ ጓድ ታፈሰ አናቴ ላይ ቆመዋል።

«ግቡ» አሉ። ፈገግ ብለዋል፤ ከቁጣቸው ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ትልቁ እንግዳ ጧት ስልክ ደውለው «ሂስና ግለሂስ ማለት እንዲህ ነው፤ አደፋፈራችሁን ወድጄዋለሁ፤ መስኮቱ ይውጣ» ብለዋል።

«ስለዚህ ንግግሩ የታቀደ ነበር። ያቀድነውም እኛ ነን። ገባህ?»

«ገባኝ ጓድ።»

«ሰርቆ አደር የሚለው ግን ያንተ ነው።»

«የኔ ነው ጓድ።»

ከቢሮው ስንወጣ ራድካ ክንዴን ይዛ አቆመችኝና አዲስ ሕግ አወጣች። ሁሉንም አላርምም፤ ዝምም አልልም፤ በአንድ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ። በመጀመሪያ ወንድና ሴት። በአሥራ አምስት ቀኑ ውስጥ አስር አለቃ ደበበ ወንድ ሆኑና ለግቢው ሰው ሻይ ጋበዙ።

ግንበኞች መጥተው የአዳራሹን የኋላ ግድግዳ ሰብረው መስኮት አወጡ። ወይዘሮ አስካለ በመጀመሪያው ቀን ከማሽኗ ተነስታ ሄዳ አንገቷን አወጣች። ቤቷ ሀና ማርያም ነው፤ በዚያ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይመጣል። «ወይኔ ጉዴ! ልብሴን አስጥቼ!» ብላ ስትጮህ የልብስ ስጥ ያላት፣ በርበሬ ያሰጣች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ሁሉም ግር ብለው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ማሽኑ በሙሉ ቆመ። ዝናቡ እስኪደርስ ንፋሱን እየሳቡ እዚያው ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሥራ ይቆማል።

ጓድ ታፈሰ የምርቱን ማሽቆልቆል አይተው ደነገጡ። መስኮቱን እንዳይደፍኑት ያስወጡት ራሳቸው ናቸው። አስበው አስበው ወፍራም መጋረጃ ይሰፋለት ብለው አዘዙ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ምንም የማያሳይ። ራድካ ለካች፣ ራድካ ቆረጠች፣ እነወይዘሮ አስካለ ሰፉ። ጓድ ታፈሰ ባሉበት ተሰቀለ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ በሙያተኛ በተሞላ ፋብሪካ ውስጥ፣ መጋረጃው ልክ ሴቶቹ ተቀምጠው ሲያዩ ዓይናቸው በሚያርፍበት ቦታ፣ ከታች በኩል፣ አንድ ክንድ አጥሮ ተገኘ።